በአውድማ ላይ የተማረችው መምህርት

በ1997 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ባለቤቴ ጥሩሐረግ ከምታስተምርበት ማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ ደረሳት። የስታቲስቲክስ ኮርሱ መጽሐፍ እስካሁን ሩቡ እንኳ አልተሸፈነም ይላል። ሠልጣኞችን በትምህርት ሰዓት ወደ ገበሬ አውድማ መውሰዷንም ያነሣል። በሰኔ ከክልል የሚመጣው ፈተና ውጤት ዝቅ ያለ እንደሆነ ኮርሱ ከእሷ ተወስዶ ወደ መዝገብ ቤት ትዛወራለች። የፈረሙት የማሠልጠኛው ዲን አቶ የሻምበል ናቸው።

ዛሬ እሷ የለችም። ደብዳቤው ግን ከወረቀቶቿ መካከል አለ። በአራት ታጥፎ የነበረበት ቦታ ሊቀደድ ደርሷል።

ያን ቀን ሁለት ጊዜ አነበበችውና ከበርበሬው ዕቃ ኋላ አስቀመጠችው። ከዚያ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ምን ልታደርጊ ነው ብዬ ጠየቅኋት። ሐሙስ ከከተማው ወጣ ብሎ ገብስ የሚያበራዩ ገበሬዎች እንዳሉ፣ ሠላሳ ስምንቱን ሠልጣኞች ይዛ እንደምትሄድ ነገረችኝ። እኔ በዚያው ግቢ ንብረት ክፍል ስለምሠራ ሚዛንና ገመድ አውጥቼ የምሰጣት እኔው ነበርኩ። ሰጠኋት።

ሠልጣኞቹ ከዋግ ወረዳዎች የመጡ ወጣቶች ነበሩ። ሲመረቁ የግብርና ልማት ሠራተኛ ሆነው በየቀበሌው ይመደባሉ። ገበሬው ስንት እንደዘራ፣ ስንት እንዳገኘ፣ ስንት እንደጎደለው ጽፈው ወደ ላይ የሚልኩት እነሱ ናቸው። ጥሩሐረግ የምታስተምራቸው ያንን ቁጥር ነበር።

ጥሩሐረግ ያደገችው ጽጽቃ ነው። ቤት ውስጥ ኽምጣና ትናገር ነበር፤ አማርኛ ትምህርት ቤት አገኘችው፤ ኮሌጅ ስትገባ ደግሞ እንግሊዝኛ ጠበቃት። ስታቲስቲክስ በሦስተኛው ቋንቋ ነው የደረሳት። አስተማሪው ጠርዙ ያለቀ ደብተር ይዘው እየገቡ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ይሞሉት ነበር። ተማሪው ይገለብጣል፤ እሳቸው ያጠፋሉ፤ እንደገና ይሞላሉ። አንድ ቀን ጥሩሐረግ እጇን አውጥታ ይህ ቁጥር በዚህኛው ለምን እንደሚካፈል ጠየቀች። አስተማሪው ወደ ሰሌዳው እንደዞሩ፣ «ይህ ፈተና ላይ አይመጣም» አሏት። ከኋላ የተቀመጡት ሣቁ። ከዚያ በኋላ በኮሌጅ ቆይታዋ ሁሉ እጇን አላወጣችም።

በዚያ መንፈቅ ወደቀች። በዓመቱ ደግማ ወሰደችውና ከእሷ በፊት የተፈተኑትን ጥያቄ በቃሏ ይዛ አለፈች። «አንድ ነገር ሳላውቅ ነው ያለፍኩት» ትል ነበር። ይህን ስትናገር ቀልድ አልነበረም።

ከኮሌጅ እንደወጣች፣ በ1990 ዓ.ም.፣ በሰሃላ የሰብል መረጃ የመሰብሰብ ጊዜያዊ ሥራ አገኘች። በየአውድማው እየዞረች እያንዳንዱ ገበሬ ስንት ቁና እህል እንዳገኘ መጻፍ ነው። መኪና የለም፤ ሁሉም በእግር ነው። በሰሃላ አውድማ ላይ እህል ሲሰፈር ዝም ይባላል፤ የሚናገረው ሰፋሪው ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ቁና ሲያነሣ «በረከት» ይላል። ሁለተኛውን «አንድ»፣ ሦስተኛውን «ሁለት» እያለ ይቀጥላል። ጥሩሐረግ ዳር ቆማ ሰፋሪው መጨረሻ የጠራውን ቁጥር ትጽፋለች። ስድሳ አንድ ቤት እንዲህ ጻፈች።

ስድሳ ሁለተኛው አቶ ገብረ አምላክ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በዚያ ቀን ሚዛን ይዛ ነበር፤ እህሉን በኪሎ መዝናው ከቁናው ጋር አልገጥም አላት። በወረቀቷ ላይ ስምንት ቁና አለ፤ የሚዛኑ ኪሎ ወደ ቁና ሲመለስ ግን ዘጠኝ ይሆናል። ሚዛኑ ተበላሽቷል ብላ ኪሎው የታወቀ ድንጋይ ሰቅላ ሞከረችው። ደህና ነው። መጨረሻ ላይ ሽማግሌውን ጠየቀች።

«አባቴ፣ መጀመሪያ የሰፈሯት ቁና የት ገባች?»

«በረከቷ? ጆንያው ውስጥ ናታ። የት ትሂድ?»

«ታዲያ ስንት ቁና አገኙ?»

«ስምንት።»

«ከበረከቷ ጋር ዘጠኝ አይሆንም?»

«ልጄ፣ በረከት ይቆጠራል እንዴ? ወረቀትሽ ላይ በረከት የሚጻፍበት ቦታ ከሌለ ጥፋቱ የወረቀትሽ ነው።»

ይህን ታሪክ ስትነግረኝ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ትሥቅ ነበር፤ ቀጥሎ ያለውን ግን በዝግታ ነበር የምትናገረው። ከአውድማው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስድሳ አንዱን ወረቀት አንድ በአንድ ገለበጠች። ሁሉም ላይ አንድ ቁና ጎድሏል። አርባ ቁና ያገኘ ገበሬ አንድ ቢጎድልበት ብዙም አይታወቅም። አራት ተብሎ የተጻፈው ድሃ ግን በእውነቱ ያገኘው አምስት ነው፤ ከአምስት አንዱ ጠፍቶበታል። በኮሌጅ የሸመደደችው፣ ብዙ ሰው በጠየቅሽ ቁጥር ስሕተቱ ይቀንሳል የሚል ነበር። እዚህ ሺህ ሰው ብትጠይቅ ሺውም ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው። በዚያ ድንጋይ ላይ ነው ስታቲስቲክስ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባት።

ተቆጣጣሪዋ ትንሽ ነገር ናት፣ ተዪው አላት። አልተወችም። ስድሳ አንዱን ቤት ተመልሳ ለመዞር ሦስት ሳምንት ፈጀባት። እኔ ያኔ ጽጽቃ የእህል መጋዘን ጠባቂ ነበርኩ። እግሯ ቆስሎ መጋዘኑ ጥላ ሥር ስታርፍ ውሃ አሙቄ ጨው ጨምሬ ሰጠኋት። የተዋወቅነው እንደዚያ ነው። ስሜን ከመጠየቋ በፊት የመጋዘኑን እህል እንዴት እንደምቆጥር ጠየቀችኝ።

መምህርት ስትሆን ታዲያ የመጀመሪያው ትምህርቷ አውድማ ላይ ሆነ። ሠልጣኞቹ ዝም ብለው ቆመው ይጽፋሉ፤ እህሉ ይመዘናል፤ ቁጥሩ አይገጥምም፤ ለምን እንደሆነ ራሳቸው ገበሬውን ጠይቀው እስኪያገኙ ድረስ አትነግራቸውም። ሲያገኙት የአቶ ገብረ አምላክንና የኮሌጅዋን ታሪክ ታጫውታቸዋለች። ማሳ ላይ ናሙና የሚወሰድበትን ቦታ በዕጣ ታስመርጣቸዋለች። ፎርሙላ ግን አታስጽፍም ነበር። የኮርሱን መጽሐፍ ከጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ አትከፍተውም።

አቶ የሻምበል ስለ ደብዳቤው ሲያነጋግሯት እኔ የወንበር ቆጠራ ይዤ ቢሯቸው ውስጥ ነበርኩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ለልጆቹ ሥጋት አድሮባቸዋል። እሳቸውን መምህራቸው ፎርሙላ ያስያዛቸው በአርጩሜ እንደሆነ፣ እስከ ዛሬም እንዳልረሱት ነገሯት። ምን እንደሚሠራስ ያስታውሳሉ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ዲኑ ወደ እኔ ዞረው የወንበሩ ቁጥር ስንት እንደሆነ ጠየቁኝ።

ነገሩን የቀየረችው ሠርካለም የምትባል ሠልጣኝ ናት። የሰቆጣ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ስትሆን ከክፍሉ ሁሉ በሥራ የበረታች፣ አንደበቷም የማይታጠፍ ነበረች። በጥር ወር አንድ ጠዋት ጥሩሐረግ ስለ ናሙና ስታወራ ሠርካለም እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ፎርሙላውን መቼ ነው የሚሰጡን?»

ጥሩሐረግ ነገሩ ከገባቸው ፎርሙላው ራሱ እንደሚመጣ መለሰች።

«ለእኔ አልመጣም» አለች ሠርካለም። «ሰኔ ላይ የሚጠይቁን አቶ ገብረ አምላክ አይደሉም። እኔ ከወደቅኩ እህቴ ወዳለችበት ጅዳ ነው የምሄደው፤ ወረቀቱ ተጀምሯል። እርስዎ ኮሌጅ የጎዳዎትን ነገር ነው እኛን የከለከሉን።»

ጥሩሐረግ ጠመኔውን አስቀምጣ ትምህርቱ እንዳበቃ ነግራ ወጣች። ንብረት ክፍል መጥታ የገመድ ጥቅል ላይ ተቀመጠች። ባለጌ ልጅ ናት ብዬ ላጽናናት ሞከርኩ። ባለጌ አይደለችም አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ያንን ያልከፈተችውን መጽሐፍ በክንዷ ይዛ ወጣች።

ክፍል ገብታ ያለችውን የሰማሁት ከሠልጣኞቹ ነው። ሠርካለም ያለችው ልክ መሆኑን ተናገረች። «ፎርሙላው ምንም አላደረገኝም» አለቻቸው። «የጎዳኝ ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው ማጣቴ ነው። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ ቆጠርኳቸው። ከዛሬ ጀምሮ ፎርሙላም እንጽፋለን፤ ለምን ብሎ ያልጠየቀኝ ግን ከክፍል አይወጣም።»

በዚያው ቀን የስታንዳርድ ዴቪዬሽንን ፎርሙላ ሰሌዳ ላይ ጻፈች። ገበሬዎቹ ያገኙት እህል ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቅ የሚለካ ነው። በመጨረሻው ላይ በገበሬዎቹ ቁጥር ሳይሆን አንድ በሚያንስ ቁጥር ይካፈላል፤ አምስት ከሆኑ በአራት። ሠርካለም ወዲያው ጠየቀች።

«ቲቸር፣ ያቺ የተቀነሰችው አንዷ በረከት ናት?»

ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። ጥሩሐረግም ሣቀች። ከዚያ ግን ቆም ብላ አሰበች። ለካ ግማሾቹ የሣቁት እውነት መስሏቸው ነው፤ ደብተራቸው ላይ «በረከት ትቀነሳለች» ብለው የጻፉም ነበሩ። የአውድማው ትምህርቷ ይህን ያህል ዘልቆ ገብቷል። አይደለም፣ ይህ ሌላ ነገር ነው አለቻቸው። ሌላው ነገር ምን እንደሆነ ግን አላወቀችውም። ኮሌጅ ውስጥ እጇን አውጥታ የጠየቀችው ያንኑ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መልሱን ፈልጋው አታውቅም። ነገ እነግራችኋለሁ ብላ አሰናበተቻቸው።

ሌላውን ምድብ የሚያስተምረው እንግዳው የሚባል መምህር ነበር። መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል የሚያስተምር፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ነው። ሁለቱ ሰላም ከመባባል ያለፈ ነገር አልነበራቸውም። ጥሩሐረግ ሰላሙን እንኳ ሳታስጨርሰው በአንድ ያነሰ ለምን እንደሚካፈል ጠየቀችው።

እንግዳው ያውቀው ነበር። «አምስት ገበሬዎች አሉ፤ አማካያቸው አሥር ቁና ነው ብዬ ነገርኩሽ እንበል» አላት። «አራቱን ጠይቀሽ መለስሽ። አምስተኛው ቤት ለመሄድ ወንዝ ትሻገሪያለሽ?»

«አልሻገርም። ድምሩ ሃምሳ ነው። አራቱ የነገሩኝን ደምሬ ከሃምሳ እቀንሳለሁ።»

«በቃ። አማካዩን ካወቅሽ አዲስ ነገር የሚነግሩሽ አራቱ ብቻ ናቸው። አምስተኛው ታስሯል። ስለዚህ በአራት ትካፈያለሽ።»

ማን እንዳስተማረው ጠየቀችው። በአስተማሪዎች መኖሪያ አብሮት የኖረ አንድ የሒሳብ ሰው ድንች እየላጠ እንደነገረው አጫወታት። ለሠልጣኞቹ ነግሯቸው ያውቅ እንደሆነ ስትጠይቀው አንገቱን ነቀነቀ። መጽሐፉ ውስጥ ስለሌለ አልነገራቸውም።

ከየካቲት እስከ ግንቦት በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ተጨማሪ ትምህርት ሰጠች። በእነዚያ ቀናት ምሳ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሽሮዬ እንደሚጓጉል እየነገረችኝ ትበላው ነበር። ሠልጣኞቹ አንድን ፎርሙላ ሲማሩ ሁሉም የየመንደራቸውን ገበሬ ይዘው ይመጣሉ። ያልገባው ሰው ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ ጥሩሐረግ ካላወቀች ነገ ትላለች፤ እንግዳው ዘንድ ትሄዳለች። ጠመኔ አበዛሽ ብዬ አንድ ቀን ብናገር ከደመወዜ ቁረጠው አለችኝ።

ፈተናው በሰኔ ተሰጠ፤ ውጤቱ በሐምሌ መጣ። ከእንግዳው ምድብ ሠላሳ ሰባት ተፈትነው ሠላሳው አለፉ። ከጥሩሐረግ ሠላሳ ስምንት ተፈትነው ሃያ ዘጠኝ አለፉ። ሠርካለም አልፋለች። የጥሩሐረግ ምድብ ግን ከእንግዳው አንሷል። አቶ የሻምበል ጉዳዩ ሰኞ እንደሚወሰን አስታወቁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጥሩሐረግ ከጓዳ ነጭ ሽምብራ አወጣች። አንድ መጠን ያላቸውን ሰባ አምስት ፍሬ መረጠች፤ በሁለቱ ምድብ የተፈተኑት ሁሉ ያን ያህል ናቸው። አሥራ ስድስቱን በሰማያዊ ቀለም ነክራ ፀሐይ ላይ አሰጣቻቸው። እነዚህ የወደቁት ናቸው አለችኝ። ሲደርቁ ሁሉንም እንቅብ ውስጥ ቀላቀለችና ሳላይ ሠላሳ ስምንት እንዳወጣ አዘዘችኝ። አወጣሁ፤ ነጩን ቆጠረች፤ ጻፈች፤ መለሰች፤ እንደገና አወጣሁ። ሃምሳ ጊዜ አወጣሁ። በሃያ አንዱ ነጩ ሃያ ዘጠኝ ወይም ከዚያ በታች ሆነ። ወረቀቱን ትክ ብላ አየችውና ሽምብራውን በጨርቅ ቋጠረችው።

ሰኞ ጠዋት እንቅቡን የተሸከምኩላት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የሆነውን አይቻለሁ። እንግዳውም ተጠርቶ ነበር። አቶ የሻምበል እንቅቡን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምንድን ነው ይሄ? ፈተናው ንፍሮ ሆነ?»

ጥሩሐረግ አልሣቀችም። ነጩ ያለፈ፣ ሰማያዊው የወደቀ እንደሆነ፣ ሁለቱም ምድብ አንድ ላይ እንደተቀላቀለ አስረዳቻቸው። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ሠላሳ ስምንት እንዲያወጡ ጠየቀች። ዲኑ እንግዳውን አዩት። እንግዳው እንቅቡን አስጠጋላቸው። አወጡ። መጀመሪያ ነጩ ሠላሳ አንድ ሆነ። ሁለተኛ ሃያ ስምንት። ሦስተኛ ሠላሳ። አሥር ጊዜ አወጡ፤ ወደ መጨረሻው ላይ ኮታቸውን አውልቀው ነበር። በአራቱ ሃያ ዘጠኝ ወይም ከዚያ በታች ወጣ።

«እንቅቡ ውስጥ አስተማሪ የለም» አለች ጥሩሐረግ። «አውድማም መጽሐፍም የለም። የእርስዎ እጅ ብቻ ነው ያለው፤ ሃያ ስምንትም አመጣ። በዚህ ልዩነት እኔን ከኮርሱ ማንሣት በእጅዎ ዕጣ መፍረድ ነው።»

«እንግዲያው እርስዎ ይበልጣሉ ማለት ነው?»

«አይደለም። ሽምብራው እንደዚያም አይልም። በዚህ ውጤት ማናችን እንደምንበልጥ አይታወቅም ነው የሚለው።»

ዲኑ ሽምብራ በእጃቸው እያሹ፣ ለማወቅ ታዲያ ምን ይደረግ ብለው ጠየቁ። ጥሩሐረግ ተዘጋጅታበት ነበር። የዘንድሮ ሠልጣኞች የተመደቡት በአመጣጣቸው ቅደም ተከተል ነው፤ ቀድመው የደረሱት የከተማ ልጆች በአመዛኙ እንግዳው ምድብ ገብተዋል፤ በእግር ሦስት ቀን የተጓዙት የሰሃላና የጽጽቃ ልጆች እሷ ዘንድ ደርሰዋል። ለከርሞ በዕጣ ይመደቡ፤ ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ያስተምሩ፤ ከዚያ ይታይ አለች። እንግዳው እስማማለሁ አለ። ጮክ ብሎ አይደለም፤ ግን አለ።

«ለአንድ ዓመት» አሉ አቶ የሻምበል።

«ለሁለት።»

«ለምን ሁለት?»

«የአንድ ዓመት ሠላሳ ስምንት ልጅ ነው። ያንሳል።»

አቶ የሻምበል የኅዳሩን ደብዳቤ ቅጂ ከፋይሉ አወጡና ጥግ ላይ «ለሁለት ዓመት ታግዷል» ብለው ጻፉበት። ሽምብራውን እንድትተውላቸው ጠየቁ፤ ለኮሚቴው ማሳየት ፈልገው ነው። ተወችላቸው። እንቅቡን ግን ባዶውን አስመለሰችኝ፤ የቤት ነው።

በመስከረም ዕጣው ግቢው ውስጥ ባንዲራው ሥር ወጣ። ስም የተጻፈባቸው ወረቀቶች በባርኔጣ ውስጥ ነበሩ፤ የሚያወጡት ሠልጣኞቹ ራሳቸው ናቸው። ለጥሩሐረግ አርባ አንድ ስም ደረሳት። ዝርዝሩን ቆማ ከላይ እስከ ታች አነበበችና ወደ ንብረት ክፍል መስኮት መጣች። አራት ገመድ፣ ሁለት ሚዛን፣ ስድስት ፓኬት ጠመኔ ጻፍልኝ አለች። ጠመኔው ካለፈው ዓመት እጥፍ መሆኑን ነገርኳት።

«አዎ» አለች። «ጻፈው።»

ጻፍኩት፤ ፈረመች፤ ጠመኔውን ራሷ ተሸክማ ሄደች።